ግራ የገባው ቀስት

የድሮው የጽሕፈት መኪና ቀስት አልነበረውም። ነጥብ ነበረው፣ ሰረዝ ነበረው፣ ቅንፍ ነበረው፣ ማንም ዞር ብሎ የማያያት የመቶኛ ምልክት እንኳ ነበረችው። መኪናውን የሠሩት ሰዎች መንገደኛ አቅጣጫ ይጠይቃል ብለው አላሰቡም መሰለኝ። በአውቶቡስ መናኸሪያው የጽሕፈት ክፍል የተቀጠረው ጎረምሳ ታይፒስት ግን ወንበሩ ገና ሳይለምደው ከቀስት ጋር ተፋጠጠ። የጊዜው ሥራ አስኪያጅ በሩ ላይ ብቅ ብለው፣ "'ወደ ትኬት መቁረጫው' የሚል ማስታወቂያ ጻፍልኝ፤ ቀስት ይኑረው" አሉትና ሄዱ።

ሌላው ቢሆን በእስክሪብቶ ጫር ጫር አድርጎ ይገላገል ነበር። እሱ እልኸኛ ነው። ሰረዟን ደጋግሞ መታት፤ ሰረዞቹ ተያይዘው ቀጥ ያለ ዘንግ ሆኑ። እዝባሯን፣ ያችን ጋደል ያለች ጭረት፣ አንዴ ከዘንጉ ጫፍ በታች አሳረፋት። ከዚያ ወረቀቱን አውጥቶ፣ በጎኑ መልሶ አስገብቶ፣ ያችኑ እዝባር ከላይ በኩል ደገማት። ጫፉ ሾለ። በመሃል ስንት ወረቀት ተጨማድዶ ቅርጫት እንደገባ ቅርጫቱ ይናገር።

ሥራ አስኪያጁ ወረቀቱን ሲያዩ ቀስቱን በጣታቸው ዳሰሱት።

"ይሄ በመኪናው ነው የተጻፈው?"

"አዎ ጌታዬ።"

"አንተ ባለቀስት ነህ በለኛ!"

ቅጽል ስም እንዲህ ነው የሚወጣው፤ አንዱ ለቀልድ ጣል ያደርገዋል፣ ባለቤቱ ዕድሜውን ሙሉ ተሸክሞት ይዞራል። ሾፌሩም፣ ትኬት ቆራጯም፣ ጥበቃውም ባለቀስቱ አሉት። የእናቱን ስጦታ፣ ትክክለኛ ስሙን፣ ከደመወዝ ሠራተኛው በቀር የሚያስታውሰው ጠፋ። እሱ ደግሞ እንደመከፋት ደረቱን ነፋ።

ትዳር ይዞም አልተወውም። ቤቱን መናኸሪያ ሊያደርገው ምንም አልቀረው። የመብራት ማብሪያና ማጥፊያው ላይ ወደ ላይና ወደ ታች ቀስት ለጠፈ፤ የውሃ ቧንቧው መዝጊያ በየት በኩል እንደሚዞር ቀስት ለጠፈ። ሚስቱ ምላሷ ስል ነው።

"አንተ ሰውዬ፣ እኔ ላይስ መቼ ነው ቀስት የምትለጥፍብኝ?" ትለዋለች።

"አንቺን ደግሞ ማን ይስትሻል ብለሽ ነው?" ይላታል።

አንድ ሴት ልጅ ወለዱ። ልጅቷ ከፊደል ቀድማ ያወቀችው ቀስትን ነው፤ አባቷ ግድግዳ ላይ የለጠፈውን እያየች ማብሪያውን ስትነካ፣ መብራቱ ቦግ ሲልና ስትስቅ፣ አባትየው ከዚያ የሚበልጥ ነገር በዓለም ላይ ያለ አይመስለውም ነበር።

ኮምፒውተር ሲገባ የጽሕፈት ክፍሉ ሰዎች አለቀልን ብለው ተጨነቁ። ባለቀስቱም ከእነሱ ጋር ተጨነቀ። አንድ ቀን ግን እንደ ልማዱ ሰረዝ፣ ሰረዝ፣ ቀጥሎ ያችን የ"ይበልጣል" ምልክት ሲመታ፣ ሦስቱ ምልክቶች ዓይኑ እያየ ተዋጡና በቦታቸው አንዲት ጥቁር፣ ቀጥ ያለች፣ ጫፏ የሾለ ቀስት ቁጭ አለች። ደነገጠ። አጥፍቶ ደገመው፤ ያው ናት። ትንሽ ሆድ ባሰው፤ እሱ ወረቀት እያገላበጠ የደከመበትን ነገር ማሽኑ ማንም ሳይለምነው ይሰጣል። ግን በስጦታ ማን ይኮራረፋል? ከዚያ ወዲያ መናኸሪያው ውስጥ ፕላስቲክ የተለበጠ ቀስት ያልተለጠፈበት ቦታ አልነበረም። ወደ መውጫ፣ ወደ መጸዳጃ ቤት፣ ወደ ሻንጣ ማስቀመጫ። "ሰው ቃል አያነብም፤ ቀስት ነው የሚያየው" ይል ነበር፣ አፉን ሞልቶ።

ዓመታት አለፉ። ልጅቷ ኮምፒውተር ተምራ ተመረቀች፤ መናኸሪያውም የተለጠፈውን ወረቀት ሁሉ አንስቶ በየአዳራሹ ስክሪን ሊሰቅል ሲነሳ እሷን ቀጠራት። እያንዳንዱ ስክሪን የሚያሳየው አንድ ድረ ገጽ ነው፤ ገጹን የምትጽፈው እሷ ናት። ቤት "አባዬ፣ አንተ" የምትለውን አባቷን መሥሪያ ቤት በሰው ፊት "እርስዎ" ትለዋለች፤ እሱም ሰው ሲሰማ "እሺ" ብሎ ጎንበስ ይልላታል። በዚህች ጨዋታቸው ሁለቱም ደስ ይላቸው ነበር።

የመጀመሪያው ጉድ የመጣው ማስታወቂያዎቹን ከአባቷ ፋይል ቀድታ ወደ ድረ ገጹ ያስገባች ቀን ነው። በየስክሪኑ ቀስት ሊሆን በሚገባው ቦታ ላይ፣ አናቷ ላይ ጭረት የደፋች የፈረንጅ ኤ ፊጥ ብላለች። አንዱ መንገደኛ ጥበቃውን፣ "መጸዳጃ ቤት ኤ ይሄ ከሆነ፣ ቢው የት ነው?" ብሎ ጠየቀው አሉ። መናኸሪያው ሲስቅ ዋለ።

ልጅቷ ነገሩን ስታጣራ ቆይታ አባቷ ጠረጴዛ አጠገብ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

"አባዬ፣ ያ ቀስት እኮ ቀስት አልነበረም።"

"ምን ማለትሽ ነው?"

"ፊደል ነው። ሰረዝ ሰረዝ ብለህ ይበልጣል ስትመታ ፕሮግራሙ ይችን ኤ ያመጣና የሥዕል ፎንት ያለብሳታል። ለዓይን ቀስት ትመስላለች። እኔ ወደ ድረ ገጹ ስወስዳት ልብሷ ቀረ።"

ባለቀስቱ ስክሪኑን አየ፣ ልጁን አየ።

"ይሄን ሁሉ ዘመን ኤ ነው ስጽፍ የኖርኩት?"

ልጅቷ ልትስቅ ከጀመረች በኋላ ፊቱን አየችና ተወችው። ሰው ዕድሜውን ያፈሰሰበት ነገር ያ ነገር እንዳልነበረ ሲነገረው ምን እንደሚሰማው ሌላው አይገባውም። እሱ ግን ቅስሙ ስብር አለ።

ብዙም ሳይቆይ አዲሱ ሥራ አስኪያጅ የጽሕፈት ክፍሉ ይታጠፋል አሉ። ወረቀት ላይ የሚጻፍ ማስታወቂያ ስለሌለ ታይፒስት አያስፈልግም፤ ነገሩ አጭርና ግልጽ ነው። የክፍሉ ሰዎች አንድ በአንድ ዕቃቸውን በካርቶን ይዘው ወጡ። ባለቀስቱ ጡረታው ሊደርስ ጥቂት የቀረው ሰው ነው፤ በዚያ ዕድሜው ወጥቶ የት ይገባል? ልጅቷ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባች።

"እኔ የስክሪኑን ሥራ አስተምራቸዋለሁ" አለች። "ለሚሠሩት ሥራ ተጠያቂዋ እኔ ነኝ።"

"ቢሳሳቱስ?"

"ስሕተቱ የእኔ ነው።"

"እንግዲህ ራስሽ ነሽ ያልሽው" አሉ ሥራ አስኪያጁ፤ ተስማሙ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የአባትየው ጣት የሚስተው ሁሉ በልጅቱ ላይ የሚቆጠር ሆነ። እሱም ይህን ያውቃል።

ትምህርቱ ምሳ ሰዓት ላይ ሆነ። ሳህናቸውን አጠገባቸው አድርገው፣ አንድ ኪቦርድ ፊት ለፊት ሁለት ሆነው ይቀመጣሉ። በድረ ገጽ ኮድ ውስጥ ሰረዝና ይበልጣል እንደተመቱ ይቀራሉ፤ ቀስት አይሆኑም። ቀስቱ የሚጻፈው በሌላ መንገድ ነው፤ መጀመሪያ የ"እና" ምልክት፣ ቀጥሎ የቀስቱ ስም በእንግሊዝኛ ፊደል፣ መጨረሻ ላይ ድርብ ሰረዝ። → ብለህ ስትጽፍ ስክሪኑ ላይ እውነተኛ ቀስት ይወጣል።

"ይቺ ልብስ የለበሰች አይደለችም?" አላት።

"ይቺ ቀስት ናት፣ አባዬ።"

ሞከረው። ስክሪኑ ላይ የወጣው ግን "መውጫ &rarr፤" የሚል ነው፤ እንደተጻፈ፣ ከነኮተቱ። ደገመው፤ ያው። ልጅቷ ጠጋ ብላ አየችና ትንፋሿ እስኪቆራረጥ ሳቀች።

"ሰረዟ የአማርኛ ናት!"

"ድርብ ሰረዝ አላልሽኝም?"

"የእንግሊዝኛዋን ነው ያልኩህ፤ ነጥብና ጭረቷን። ኮዱ የእኛዋን አያውቃትም።"

"ሰረዝ ደግሞ ዜግነት አላት እንዴ?"

"አይ አባዬ!" አለችው እንባዋን እየጠረገች። በዚያ ሰሞን ምሳ ሰዓት በመጣ ቁጥር ይቺን "አይ አባዬ" ሳትለው አትውልም፤ እሱም ለመስማት ሲል አንዳንዴ አውቆ ይስት ነበር። ባለቀስቱ በሕይወቱ ደስ ያለው ጊዜ የትኛው ነው ተብሎ ቢጠየቅ ያን ሰሞን ነው የሚለው።

አንድ ነገር ብቻ አልሰማ አላት። ቀስቶቹን በሙሉ አንድ ገጽ ላይ ደርድራ አስቀምጣለታለች፤ ግራውንም ቀኙንም ከዚያ ቀድቶ መለጠፍ ብቻ ነው፤ መሳሳት የለም።

"ታይፒስት ይጽፋል እንጂ ይቀዳል እንዴ?" አላት።

"ማንም የሚያውቅብህ የለም እኮ።"

"እኔ አውቃለሁ።"

እንግዲያውስ አጥና ብላ አስጠናችው። ከምልክቷ ቀጥላ የምትመታው ፊደል አር ከሆነች ራይት ናት፣ ቀኝ፤ ኤል ከሆነች ሌፍት ናት፣ ግራ። አጠና። የራሱ መግቢያ ገና ስላልተከፈተለት በእሷ ስም፣ በእሷ የይለፍ ቃል እየገባ ጻፈ። አንድም ሳይስት ሰነበተ፤ እሷም ከጀርባው ቆማ ማየቷን ተወች።

አንድ ቀን ጠዋት ልጅቷ የዳር በሩ ስክሪን ጠፍቶ መሰላል ላይ ወጥታ ሽቦ ትፈታለች። በመሥሪያ ቤቱ የስልክ ግሩፕ የሥራ አስኪያጁ መልእክት ገባ፤ ከትልቁ አዳራሽ በስተቀኝ ባለው ኮሪደር የውሃ ቧንቧ ፈንድቷል፣ ደረጃው ውሃ በውሃ ሆኗል፣ ተጓዥ በሙሉ በግራው ኮሪደር እንዲሄድ ቶሎ ስክሪን ላይ ይውጣ። ባለቀስቱ መልእክቱን አየ። ሊደውልላት ስልኩን አንስቶ መልሶ አስቀመጠው። ስትወርድ ተሠርቶ ታየዋለች ብሎ አሰበ። እውነቱ ከሆነ ልቡ በደስታ ይመታ ነበር፤ መናኸሪያው ሁሉ የሚያየው ቀስት፣ ብቻውን፣ ያለማንም እርዳታ።

"ተጓዦች በሙሉ ወደ ግራ" ብሎ ጻፈ። ቀዩን ቀለም መረጠ። ግራ፣ ግራ እያለ በአፉ ውስጥ ይደጋግማል፤ ጣቱ እንዳይስት መሆኑ ነው። ጣቱም ራ የምትለዋን ሰምታ አር ላይ አረፈች። በእንግሊዝኛ የሚያስብ ሰው እንዲህ ያለ ስሕተት አይመጣለትም። እሱ የሚያስበው በአማርኛ ነው፤ በአማርኛ ደግሞ "ግራ" ውስጥ ራ አለች፣ "ቀኝ" ውስጥ ግን የለችም። ሰው በደንብ እንዲያይለት ቀስቱን ሦስት ጊዜ ደረደረው፤ ላከው። የተቀመጠበት ክፍል የማስታወቂያ ስክሪን የለውም፤ ገጹንም በኮምፒውተሩ ከፍቶ አላየውም፤ መስኮቱም የሚያሳየው የአውቶቡስ ጀርባ ነው። ወንበሩ ላይ ደገፍ ብሎ ደስ አለው።

በየስክሪኑ ላይ ቃሉ ግራ ይላል፤ ሦስት ቀያይ ቀስቶች ወደ ቀኝ ይጠቁማሉ። ሰው ደግሞ ቃል አያነብም። ሻንጣውን ተሸክሞ፣ ልጁን ጎትቶ፣ ሕዝቡ ግራ ገብቶት ቀኝ ሄደ። ፊት ያሉት ውሃውን አይተው ሊመለሱ ሲሉ ከኋላ ያሉት ገፏቸው። ጥበቃው እጁን እያወናጨፈ ተመለሱ ቢል ማን ይስማው። እርጥቡ ደረጃ ላይ አንዲት አሮጊት አዳልጧቸው ወደቁ፤ ዳሌያቸው ተሰበረ። አውቶቡሶቹም ግማሹን ወንበር ባዶ ይዘው ወጡ።

ጥበቃው እያለከለከ መጥቶ የክፍሉን በር በረገደው።

"የስክሪኑ ቀስት ተገልብጧል! ሰው እየተረጋገጠ ነው!"

ባለቀስቱ አዳራሽ ድረስ ሮጦ ቀና ሲል ሦስቱን ቀስቶች አያቸው። ወዲያው ተመልሶ አንዷን ፊደል በሌላዋ ለወጠ፣ ለሦስቱም። ሦስት ፊደል ነው በቃ። አሮጊቷን ግን በቃሬዛ ይዘዋቸው ሲወጡ በበሩ በኩል አየ፤ የአንድ እግር ጫማቸው ወልቆ ደረጃው ላይ ቀርቷል።

እሱ ወንበሩ ላይ እንደተዝለፈለፈ ልጅቷ ቀድማ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ገባች። የኮምፒውተሩ መዝገብ የሚያሳየው የእሷን ስም ነው፤ እሷም ከስልኬ ነው የላክሁት፣ መሰላል ላይ ሆኜ ቸኩዬ ነው አለች። ስትወጣ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ጠበቃት።

"ምን አልሻቸው?"

"እኔ ነኝ አልኳቸው።" ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "ስማኝ አባዬ፣ አንተ ምንም አልጻፍክም። አንተን ቢያባርሩህ ጡረታህም አብሮ ይሄዳል። እኔ ገና ነኝ፣ ሌላ ሥራ አገኛለሁ" አለችው። በመሥሪያ ቤት ውስጥ ሰው በሚያልፍበት ቦታ አንተ ስትለው ያን ቀን የመጀመሪያዋ ነበር።

እሱ ግን ዝም የሚል አባት አልነበረም። በማግሥቱ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ ገና ኮታቸውን ሳይሰቅሉ ገባባቸው።

"ጌታዬ፣ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ልጄ አላየችውም።"

ሥራ አስኪያጁ ክፉ ሰው አልነበሩም። ለስለስ ብለው አዩት።

"እኔም የልጅ አባት ነኝ" አሉት። "በእርስዎ ቦታ ብሆን እኔም ይህንኑ ነበር የምለው።"

"እውነቴን ነው። ግራና ቀኙን አምታትቼ ነው። ቢፈልጉ ይፈትኑኝ።"

ሥራ አስኪያጁ ትንሽ አሰቡና ኪቦርዳቸውን ወደ እሱ አዞሩት። "እስቲ ወደ ግራ የሚያሳይ ይጻፉልኝ።"

ተቀመጠ። በልቡ፣ አሁን ተሳሳት፣ አሁን፣ እያለ ጣቱን ዘረጋ። ያችን ኤል ግን ከትናንት ጀምሮ ከአእምሮው ሊያወጣት አልቻለም፤ ጉሮሮው ላይ እንደተሰነቀረ አጥንት ሆናለች። ዕድሜውን ሙሉ የመታ ጣት ከሐሳብ ይቀድማል። ← ብሎ ቁጭ አለ፤ ስክሪኑ ላይ ወደ ግራ የሚያይ ንጹሕ ቀስት ወጣ።

"ይኸው" አሉ ሥራ አስኪያጁ።

"ቆይ፣ አንዴ ልድገመው" አለና አጥፍቶ በአር ጻፈው። ቀስቱ ወደ ቀኝ ዞረ።

"ይሄን ደግሞ ሆን ብለው ነው" አሉት። ትከሻውን መታ መታ አድርገው፣ "አይሳሳቱም እርስዎ። እንደርስዎ ያለ ሰው ነው የሚያስፈልገን" ብለው እስከ በሩ ሸኙት። በሕይወቱ ከአለቃ አፍ የሰማው ትልቁ ምስጋና ይሄ ነበር፤ እያለቀሰ ነው የወጣው።

ልጅቷ ተሰናበተች። የስንብት ደብዳቤዋ "በከፍተኛ ቸልተኝነት" ይላል። የእሷ ወንበር፣ የእሷ ኪቦርድ፣ የመስኮቱ ቦታ ለአባቷ ተሰጠ። ሥራውን እለቃለሁ ብሎ ቤት ሲፎክር ሚስቱ እንኳ ለቀልድ አቅም አልነበራትም።

"ብትለቅ እሷ ትመለሳለች?" አለችው። "ሁለታችሁንም እዚህ አስቀምጬ ላያችሁ ነው?"

አልለቀቀም። ልጅቷ ማመልከቻ ያላስገባችበት መሥሪያ ቤት የለም፤ የቀድሞ ሥራሽን ለምን ለቀቅሽ ሲሏት ደብዳቤውን ያዩታል፣ እንጠራሻለን ይሏታል። የሚጠራት የለም። በመጨረሻ ከመናኸሪያው ማዶ የሞባይል ሽፋን የሚሸጥባት ጠባብ ሱቅ ውስጥ ቆመች። ጠዋት አባትና ልጅ አብረው ከቤት ይወጣሉ፤ መሻገሪያው ጋ ሲደርሱ እሷ ትቀራለች፣ እሱ ይሻገራል። ምሳውን ብቻውን ይበላል። አልተቆጣችውም፤ አንድ ቀን እንኳ በክፉ ቃል አላነሳችበትም። ተቆጥታው ቢሆን ስንቱ ይቀልለት ነበር።

መናኸሪያው ሁለተኛ ፎቅ ሠርቶ ከፈተ። ለደረጃው ስክሪን ወደ ላይ የሚያሳይ ቀስት አስፈለገ። ማታ እራት ላይ ባለቀስቱ ሳህኑን ገፋ አድርጎ ጉሮሮውን ጠረገ።

"ስሚ እስቲ ልጄ፣ ወደ ላይ የሚያየውን እንዴት ነበር የምንጽፈው?"

ልጅቷ ቀና ሳትል፣ "አላስታውስም" አለች።

"ያ እንኳ፣ የ'እና' ምልክቷን ካስገባን በኋላ…"

"አላስታውስም፣ አባዬ።"

"ንገሪው እንጂ፣ ምን አለበት?" አለች እናትየዋ።

ልጅቷ ተነስታ ሳህኖቹን ሰበሰበች፤ የአባቷን ገና ምግብ ያለበትን ሳህን እንኳ በልቶ እንደጨረሰ ሰው ሳህን አነሳችውና ወደ ማድ ቤት ገባች፤ የውሃው ድምፅ ተሰማ።

ባለቀስቱ ኮዱን ያውቀው ነበር። ቀስቱን ቀን ራሱ ጽፎ፣ ሁለት ሦስቴ አይቶ፣ ስክሪኑ ላይ አውጥቶት ነው የመጣው። የጠየቃት አውቆ ስቶ፣ "አይ አባዬ" ስትለው ሊሰማ ነበር። እሷም ይህ ገብቷታል፤ ገብቷት ነው የከለከለችው። ከዚያ ማታ ወዲያ በዚያ ቤት ስለ ቀስት የተነሳ ነገር የለም፤ ስለ ሌላውም ቢሆን አባትና ልጅ ብዙ አልተነጋገሩም።